ሕክምናንም ሥዕልንም ለምትወዱ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግማሽ ቀን ብቻ በምሠራበት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ ክሊኒክ፣ አንዲት እናት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። እናትየዋ አራዳ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከዓመታት በፊት የሐሞት ጠጠር ያወጣሁላቸው ሴት ናቸው፤ ካርድ አውጥተውና ወረፋ ጠብቀው የመጡት «ዶክተር፣ ይችን ልጅ አንድ ነገር ይበሉልኝ» ለማለት ነበር። ልጅቷ በመጪው ዓመት 11ኛ ክፍል ስትገባ ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ አለባት። ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ሥዕልም ትፈልጋለች፤ እናቷ እንደሚሉት ቀን ስለ ሆስፒታል ስታወራ ትውልና ማታ መብራት እስኪጠፋ ስትስል ታመሻለች። አባቷ ናቹራል ይላሉ፤ እጇን ያየ አንድ መምህር ደግሞ ሶሻል ግቢ ብሏታል።

የባዮሎጂ ደብተሯን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሳለ የልብ ሥዕል አንድ ሙሉ ገጽ ይዞ ነበር። አብዛኛው ተማሪ ልብን ሲስል አራት እኩል ክፍሎች ያሉት ቤት ያስመስለዋል፤ እኔም በጊዜዬ እንዲያ ነበር የሳልሁት። እሷ ግን የግራውን የታችኛውን ክፍል ግድግዳ ከቀኙ ሦስት እጥፍ ያህል አወፍራዋለች። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት «መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው» አለችና ትንሽ ቆይታ፣ «ቀኙ ደም የሚልከው እዚሁ አጠገቡ ላለው ሳንባ ነው፤ ግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ድረስ መግፋት አለበት» ብላ ጨመረች። ዐይኗ ያየውን አእምሮዋ ጠይቆታል፤ መልሱን ደግሞ እጇ ወረቀት ላይ አስፍሮታል። ከዚህ ውስጥ የትኛው ሕክምና፣ የትኛው ሥዕል እንደሆነ ለይቼ መናገር አልቻልሁም።

በዕለቱ ውጭ የሚጠብቁ ሕሙማን ስለነበሩ የሰጠሁት መልስ አጭርና ጥድፊያ የበዛበት ነበር። ያን ቀን መናገር የነበረብኝን አሁን ለእሷም፣ በየቤታችሁ ይኸው ጭንቀት ለያዛችሁ ለእናንተም እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ፣ የተሰጣችሁ ቅጽ የሚጠይቀውን ብቻ መልሱለት። ቅጹ የሚጠይቀው በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ትማሩ እንደሆነ፣ ወይም ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ትማሩ እንደሆነ ነው። በቤታችን ግን ይህ ጥያቄ ከአቅሙ በላይ ይከብድና የልጁ ዕድሜ ልክ ዕጣ ፈንታ በዚያች ወረቀት የተቆረጠ ይመስል ዘመድ ይሰበሰብበታል፤ ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ ይመከርበታል። በዚህ መካከል ማንም ልብ የማይለው አንድ ተራ ነገር አለ። ሁለቱ በሮች እኩል አይደሉም። ሕክምና ለመማር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን ግድ ነው፤ 11ኛ ክፍልን በማኅበራዊ ሳይንስ ከጨረሱ በኋላ መመለስ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ሥዕል ግን ለመግባት ከሁሉ በፊት እጃችሁን ይጠይቃል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አመልካቾችን በሥዕል ፈተና ይመዝናል፤ በዚያ ፈተና ፊት የሚያስከብራችሁ ለዓመታት የሳላችሁት ብዛት ነው። የአመልካች መስፈርት በየጊዜው ስለሚሻሻል የዓመቱን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ፤ «እንዲህ ነው አሉ» በሚል ወሬ አትወስኑ። ሥዕልና ስሌትን አንድ ላይ የሚፈልገው የሥነ ሕንፃ ትምህርት እንኳ መንገዱ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል መሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁም።

ስለዚህ ሁለቱንም በእውነት ለምትወዱ ምክሬ የተፈጥሮ ሳይንስን ምረጡ ነው። ይህን ስል ግን ከእርሳሳችሁ ጋር እንድትለያዩ መፍቀዴ አይደለም፤ እንዲያውም ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዋናው ነገር የራሴ መለያየት ነው።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ያን ጊዜ የደሴ ሱቆችና ሻይ ቤቶች ስማቸውን የሚያስጽፉት በብሩሽ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ዘንድ እሠራ ነበር። ቀለም ማዋሃድ፣ ቆርቆሮ በብርጭቆ ወረቀት ማሸትና መሰላል መያዝ የእኔ ሥራ ነበር። ጌታዬ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን አንድ ያስተማሩኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «ፊደሉን አትይ፤ በሁለቱ ፊደሎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እይ» ይሉኝ ነበር። ክፍተቱ ከተስተካከለ ፊደሉ ራሱ ይስተካከላል ማለታቸው ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቀዶ ሕክምና ስማር፣ ጥሩ ቀዳጅ ሥጋውን ከመቁረጥ ይልቅ በሁለት የሥጋ ንጣፎች መካከል ያለውን ደም የማይፈስበትን ክፍተት ፈልጎ እንደሚጓዝ ነገሩኝ። ከጎኔ የነበሩት ጓደኞቼ ያን ክፍተት ለማየት ብዙ ወር ፈጀባቸው። እኔ ቶሎ ታየኝ፤ ከየት እንደመጣልኝ ግን ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

በ1974 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሕክምና ለመማር ስሄድ ብሩሾቼን በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፌ እናቴ አልጋ ሥር አስቀመጥኋቸው። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። በትምህርት ቤት «ሥዕል የሰነፍ ተማሪ መሸሸጊያ ነው» ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ሐኪም የሚሆን ሰው መሳል የሚያሳፍረው መስሎኝ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ለሥዕል ብዬ እርሳስ አላነሳሁም።

ያ ውሳኔ ያስከፈለኝን ያወቅሁት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ነው። አንጀታቸው ተዘግቶ ሆዳቸው የተነፋ አንድ የገጠር አባት መጡ። በደጋው አገራችን አዘውትሮ በሚታየው የአንጀት መጠማዘዝ ምክንያት ከአራት ዓመት በፊት ተቀድደው ነበር፤ ያኔ ምን ያህል አንጀት እንደተቆረጠ፣ ምን ከምን ጋር እንደተገጠመ ማወቅ ነበረብኝ። ካርዳቸው ተፈልጎ መጣ። የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ «አንጀቱ ተቆርጦ ተገጥሟል» ይላል። ጸሐፊውን በልቤ እየረገምሁ ፊርማውን ስመለከት የራሴ ሆኖ አገኘሁት። እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ተተበተበ ክር የሆነ አንጀት ውስጥ የራሴን የድሮ ስፌት ስፈልግ ሦስት ሰዓት ፈጀሁ። እኚያ አባት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ድነው ሄዱ። አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ሥዕል ብትኖር ግን ሦስቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ይሆን ነበር፤ ደግሞም ያችን ሥዕል ለመሳል ከማንም ባልደረባዬ የተሻለ እጅ የነበረኝ እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የምሠራውን ቀዶ ሕክምና ሁሉ በማስታወሻው ጎን እስላለሁ። ለሕሙማንም እስላለሁ። ቡአ ያለበት ገበሬ «የሆድህ ግድግዳ ላልቶ አንጀትህ እየወጣ ነው» ሲባል ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይገባውም፤ ገብቶት ሳይሆን አክብሮኝ ነው የሚነቀንቀው። በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ጎኑ የሳሳ ስልቻ ሥዬ፣ እህሉ በሳሳው በኩል ሲገፋና ቆዳው ሲያብጥ ሳሳየው ግን ወረቀቱን ተቀብሎ ያገላብጠዋል፤ «ታዲያ መጥቀሚያው ከውስጥ ነው ከውጭ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ይህ የቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው።

ሁለቱን አጣምሮ መኖር ይቻላል ወይ ለምትሉኝ፣ ሕክምና የተማሩ ሁሉ ሥዕሎቹን የሚያውቋቸውን አሜሪካዊ ፍራንክ ኔተርን አነሳላችኋለሁ። በ1906 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ተወልደው ሥዕል ተማሩ፤ ሥዕልም እየሸጡ ኖሩ። ቤተሰባቸው ግን በዚህ ስላልተደሰተ ሕክምና ገብተው ቀዶ ሐኪም ሆኑ። የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ የሚከፍል በሽተኛ ጠፋ፤ የመድኃኒት ኩባንያዎች ግን ለሥዕሎቻቸው ይከፍሉ ነበርና በመጨረሻ ቢላውን ትተው የሰውን አካል በመሳል ኖሩ። ዛሬ የአናቶሚ ተማሪ ሁሉ የሚያገላብጠው የሥዕል መጽሐፋቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲታተም ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ ነበር። በሌላ በኩል የእኛው አፈወርቅ ተክሌ አሉ፤ ገና በ15 ዓመታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ወደ ሥዕል አዘነበሉ፤ አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ነው። ሁለቱም በወጣትነታቸው የያዙት ትምህርት የኋላ ሥራቸውን አልወሰነውም። ይሁን እንጂ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ለወላጆቻችሁ መከራከሪያ አታድርጉት፤ አባት በአፈወርቅ ተክሌ ስም አይረታም።

የተፈጥሮ ሳይንስን ምረጡ ያልሁት ምክር የማይሠራላችሁ ልጆች ደግሞ አላችሁ። ኬሚስትሪ ስታዩ ሆዳችሁን የሚቆርጣችሁ ከሆነ፣ ሐኪም የመሆኑ ሕልም የእናንተ ሳይሆን የእናታችሁ ከሆነ፣ ሶሻል ግቡ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አስታውሱ፤ ያልተወደደ ትምህርት ተይዞ በእንዲህ ያለ ፈተና ፊት መቅረብ ሁለቱንም በር ያዘጋል። የማን ሕልም እንደሆነ ለማወቅ እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። አያታችሁ ታመው በተኙ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ውኃ ሰጥታችኋል ወይስ ሽታውን ሸሽታችሁ ወጥታችኋል? ማንም ሳያያችሁና ሳያደንቃችሁ የሳላችሁት ሥዕል አለ? አንዱን ሥዕል አበላሽታችሁ በማግስቱ ደግማችሁ ሞክራችኋል? ለነጩ ጋወን ያላችሁ ፍቅርና ለሕመምተኛ ያላችሁ ትዕግሥት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እንዲሁም በሥዕል መመስገንና መሳል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «ሐኪም ሥራ አያጣም» የሚለው አባባል በእኔ ጊዜ እውነት ነበር፤ ዛሬ ስድስትና ሰባት ዓመት ተምረው ቅጥር የሚጠብቁ ወጣት ሐኪሞችን አውቃለሁ። ልጃችሁን ለእንጀራ ብቻ ብላችሁ ወደ ሕክምና ብትገፉት እንጀራውም ሊዘገይ ይችላል።

ናቹራል የገባችሁ ልጆች በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት ቢሆን ይበቃል፣ ከሕይወት ሳሉ። ከስልክ ላይ ፎቶ አትገልብጡ። የተቀመጠች አያት፣ የጀበና ጆሮ፣ የራሳችሁን ግራ እጅ ሳሉ፤ እጅ ከሁሉም ይከብዳል። ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤቶቹን አንድ በአንድ ሲውጣቸው ለመሳል እኔ በ60ዎቹ ዕድሜዬ እየታገልሁ ነው፤ እስካሁን ጉሙ አሸንፎኛል። የሣላችሁትን ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት፤ 12ኛ ክፍል ስትጨርሱ የሁለት ዓመት ሥራ በእጃችሁ ይኖራል፤ ሐሳባችሁ ወደ ሥነ ጥበብ ቢዞር ባዶ እጃችሁን አትቀርቡም፤ ሕክምና ብትገቡም አናቶሚ ክፍል እንግዳ አትሆኑም።

ያን ቀን ልጅቷ ከመውጣቷ በፊት የልቡን ገጽ ቀድዳ እንድትሰጠኝ ለመንኋት፤ ግድግዳዬ ላይ ልለጥፈው ፈልጌ ነበር። እናቷ «ስጫቸው እንጂ!» ብለው ተቆጡ። እሷ ግን ደብተሩን ዘግታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ሰኞ ባዮሎጂ ፈተና አለብን» አለች።