ወንበር ለሁለት አይሰነጠቅም

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ፓርላማው ከቤቴ አስር ደቂቃ አይሞላም። እትዬ የምላት ጎረቤቴ ባለፈው ምርጫ ተወዳድራ ነበር፣ ፓርቲዋ ግን ያቆማት ቢሮ እንኳን የሌለው ሰፈር ላይ ነው፣ ፖስተር የሚለጥፍላት ጠፍቶ ከልጇ ጋር ማስቲሽ ይዘው ሲዞሩ አይቻለሁ። ተሸነፈች። ወንድሜ ቡና ላይ «ሴት ሴትን አትመርጥም፣ ኮታ ምናምን ወሬ ነው» ይለኛል። ታዲያ ሩዋንዳ ፓርላማ ውስጥ ሴቶቹ እንዴት ከግማሽ በላይ ሆኑ? ሰናይት ነኝ

መልስ፦ ሰኒዬ፣ ወንድምሽ መራጩ ላይ ቸኮለ። እትዬን የጣላት መራጩ ሳይሆን ቦታውን የመደበላት ሰው ነው።

እኛ ጋ አንድ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ነው ያለው፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይወስደዋል፣ አለቀ። ሕገ መንግስቱ አንቀፅ 54 ላይ ራሱ አብላጫ ድምፅ ብሎ ስለቆለፈው በተራ አዋጅ አትቀይሪውም። እና አንዱን ወንበር 30 ከመቶ ለሴት ልትዪው አትችይም፣ ስለዚህ ኮታው የሚቀመጠው ፓርቲው ቢሮ ውስጥ ነው፣ ማን የት ይቁም በሚባልበት ስብሰባ። በ1992 ምርጫ ፓርላማ የገቡት ሴቶች 42 ነበሩ፣ በ2007 ከ547ቱ 212 ሆኑ፤ በመሀል የምርጫ ሥርዓቱ አልተነካም፣ ኢህአዴግ ነው ለራሱ ኮታ ያወጣው፣ ደግሞ ጠንካራ ተፎካካሪ በሌለበት ምርጫ የትም ያቆማት ሴት ትገባለች (ይሄን ለወንድምሽ አትንገሪው፣ ይጠቀምበታል)።

ሩዋንዳ ሌላ ነው። ከ80ው ወንበር 24ቱ ለሴት ብቻ የተተወ ነው፣ 53ቱ ደግሞ በፓርቲ ዝርዝር ነው የሚሞላው፣ ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር ይወስዳል፣ ስለዚህ አንዷን ለማስገባት አንዱን ማባረር የለበትም፣ ዝርዝሩ ላይ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ በ2024 ሴቶቹ 51 ደረሱ። እዛ ፓርላማ መንግስትን ማን ደፍሮ ይሞግታል የሚለው ሌላ ወሬ ነው፣ ቁጥሩ ግን የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ዝርዝርም ቢሆን ተራው ነው ቁም ነገሩ። አርጀንቲና እ.ኤ.አ በ1991 30 ከመቶ ብላ በሕግ ስትደነግግ ሴቶቹ ሊያሸንፉ የሚችሉበት ተራ ላይ ይሁኑ ብላ ጨመረችበት፣ አለበለዚያ 10 ሰው የሚያስገባ ፓርቲ ሴቶቹን ከ11ኛ ጀምሮ ደርድሮ ኮታ አሟላሁ ይልሻል። የፈረንሳይ ደግሞ የእትዬ ታሪክ ቁርጥ ነው፦ እ.ኤ.አ በ2000 የወንድና የሴት ዕጩ ቁጥር እኩል ይሁን፣ ያላሟላ ፓርቲ ከመንግስት የሚያገኘው ድጎማ ይቀነስበት የሚል ሕግ ወጣ፣ ምርጫው ግን እንደኛ በአንድ ወንበር ነበርና ትልልቆቹ ፓርቲዎች የድጎማ ቅነሳውን ቆጥረው መክፈልን መረጡ፣ ያቆሟቸውንም ብዙዎቹን የሚሸነፉበት ቦታ ላይ ጣሏቸው፣ እ.ኤ.አ በ2002 ምክር ቤቱ ውስጥ ሴት 12 ከመቶ ነገር ብቻ ሆነ።

እኛም የምርጫ አዋጅ 1162 አለን፣ የ2011ዱ፣ የመንግስት ድጎማ ለፓርቲዎች ሲከፋፈል ሴት ዕጩ ያቀረበ ፓርቲ ይጠቀማል። ጥሩ ነው፣ ግን ዕጩ ነው የሚቆጥረው፣ የት እንደቆመች አይጠይቅም፤ እትዬም እኮ ተቆጥራለች፣ ማስቲሹን ግን የገዛችው ከኪሷ ነው። ለሚቀጥለው ከጠሯት ፎርም ላይ ከመፈረሟ በፊት የምርጫ ክልሉን ስም ትጠይቅ፣ ባለፈው እዛ ስንት ድምፅ እንዳገኙም ይንገሯት።