ሰውየውን ይዘህ ቅረብ

ከሕግ ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣችሁ ልጆቼ፣ በአቤቱታችሁ ራስጌ ላይ «ሃቢየስ ኮርፐስ» ብላችሁ ስትጽፉ አያለሁ። ይህ የላቲን ቃል ማንን እንደሚያናግር ልብ ብላችሁታል? የሚያናግረው አሳሪውን ነው። «ሰውየውን በአካል ይዘህ ቅረብ» ይለዋል፤ ለምን እንዳሰረው ዳኛ ፊት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛ ሕግ «አካልን ነፃ ማውጣት» ብሎታል። ስሙ ያስደስተኛል፣ ግን ገና ከጅምሩ ውጤቱን ስለሚናገር ቤተሰብ ልጁ በማግስቱ ቤቱ የሚገባ ይመስለዋል። ፖሊስ ለምርመራ ከፍርድ ቤት የተፈቀደለትን የጊዜ ቀጠሮ መዝገብ ይዞ ሲቀርብና አቤቱታው ውድቅ ሲሆን የእናት ፊት እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። እባካችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ እዚህ ችሎት የሚመረመረው እስሩ ሕጋዊ መሆኑ እንጂ የልጁ ጥፋት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የሰጠው 48 ሰዓት፣ ለጉዞ ከሚያስፈልገው ጊዜ ውጭ፣ ካለፈና ፍርድ ቤት ካልቀረበ ግን አንድም ቀን አትጠብቁ።

እንግሊዞች በ1679 (እ.ኤ.አ.) አዋጅ ቢያወጡለትም ትእዛዙ ከዚያ የቆየ ነው። እኔ ግን ለተማሪ ሁሉ የምነግረው የጄምስ ሶመርሴትን ነገር ነው። ከጌታው አምልጦ የነበረ ባሪያ ነው፤ በ1771 ተይዞ ጃማይካ ሊሸጥ በመርከብ ላይ በሰንሰለት ታሰረ። አቤት ያሉለት የክርስትና አባቶቹና የክርስትና እናቱ ናቸው። የትኛው መርከብ እንደሆነ፣ ካፒቴኑም ማን እንደሆነ ያውቁ ስለነበር ትእዛዙ በስሙ ደረሰው፤ ካፒቴኑም ሰውየውን ይዞ ቀረበ። ዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ በሰኔ 1772 ነፃ ለቀቁት።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ይህንኑ ይጠይቃል፦ ያሰረው ማን ነው፣ የት፣ እንዴት፣ ምስክርስ አለ ወይ። ታሳሪው ራሱ ቃለ መሐላ መስጠት ካልቻለ ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ ይሰጥለታል።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ላይ ጥፋት ሠርቼ ነው። በጀማሪነቴ አንድ ዓርብ ከሰዓት «ፖሊስ ይዞታል» ብዬ ብቻ ጽፌ ገባሁ። ዳኛው ቀና ብለው «የትኛው? ማንን ላስቀርብ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መዝገቡ ተመለሰ፣ ልጁም ቅዳሜንና እሑድን እዚያው አደረ። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ሰኞ ጠዋት እናቱ ምሳ ዕቃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ቢሮዬ መጡ። ጣቢያው «እዚህ የለም» እያለ ይመልሳቸው ነበር። ዓይኔ ምሳ ዕቃው ላይ አረፈ።

«እማማ፣ ይህን ምግብ የሚቀበልዎት ማን ነው?»

«ተረኛው ነዋ ልጄ። ትናንትም እሱ ነው የተቀበለኝ። ባዶውን ሲመልስልኝ የልጄ መሐረብ ውስጡ ነበረ።»

የጣቢያውን ስም፣ የተረኛውን ስም፣ ምግቡ የገባበትን ሰዓት ጠየቅኋቸው። ቃለ መሐላውን እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ጻፍነው።