ላሜን የገደላት ማሽላው ነው ወይስ ቡዳ?

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዘንድሮ እኛ ጋ ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቀጥ አለና ማሽላው ገና ጉልበት ሳያልፍ ደረቀ፣ ተስፋ ቆርጠን ተውነው፣ ከዛ መስከረም ላይ ትንሽ ሲያካፋ እንደገና አቆጥቁጦ ለምለም ሆነ። አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችኝ፣ ገመድ በጥሳ ገብታ በላችና ብዙም ሳትቆይ ስታለከልክ ስትንቀጠቀጥ ወድቃ ሞተች። ጎረቤት ቡዳ ነው ይላል፣ አንድ ሽማግሌ ደሞ ማሽላው ነው አሉኝ። እኛ እንጀራውን እየበላን ማሽላ እንዴት ይገድላል? ልጆቼንስ ጥንቅሽ ልከልክላቸው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ፈጣሪ ይተካልህ። ሬሳዋን ሐኪም ስላላየው አልምልልህም እንጂ እኔም ከሽማግሌው ጋር ነኝ፣ የነገርከኝ ምልክት ቁርጥ የሳያናይድ መመረዝ ነው። ቡዳውን ተወው፣ ሰው ያጣላል እንጂ ቀሪዎቹን ከብቶችህን አያድንልህም።

የማሽላ ቅጠል ውስጥ ዱሪን የሚባል ነገር አለ፣ ደንስታንና ሄንሪ የሚባሉ ኬሚስቶች በ1902 እ.ኤ.አ. ከለጋ ማሽላ ለይተው ያወጡት ነው። ዱሪኑ አንድ ቦታ፣ እሱን የሚፈታው ኢንዛይም ሌላ ቦታ ተለያይተው ተክሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከብት ስታኝከው ግን ይገናኙና ሳያናይድ ይወጣል። ሳያናይድ ደግሞ ኦክስጅን ደም ውስጥ እያለ ሴሎች እንዳይጠቀሙበት ያደርጋል፣ ላምህ እየተነፈሰች የታፈነችው ለዛ ነው፣ ደሟም ደማቅ ቀይ ይሆናል (ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ናይትሬት ነው፣ እሱም ድርቅ በመታው ማሽላ ይመጣል)። የሚያመሰኩ እንስሳት ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስለሚያፋጥኑት ላምና በግ ቶሎ ይጎዳሉ፣ አህያና ፈረስ የተሻለ ይቋቋማሉ።

ዱሪን የሚበዛው ለጋው ላይ ነው፣ ቁመቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር እስኪያልፍ ድረስ አትመነው፣ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ልክ እንዳንተው ድርቅ መትቶት ዝናብ ሲያገኝ ያቆጠቆጠው ወይም ታጭዶ እንደገና የበቀለው ነው። እኔን ሁሌ የሚያሳስበኝ ሽልሻሎ (የበቀለውን ማሽላ በመሃል እያረሱ ማሳሳት) ነው፣ የሚነቀለውን ቡቃያ ለከብት መስጠት ወሎ ውስጥ የተለመደ ነው፣ መኖ በሌለበት ሰዓት እንዴት ይጣል ትለኛለህ እውነትህን ነው፣ ግን እርጥቡን ከነለምለሙ ለራበው ከብት አትዘርግፍለት፣ በደንብ ይድረቅ (ጠውልጎ ብቻ አይበቃም)፣ መጀመሪያ ጭድ ወይም ገለባ ይብላ፣ ከዛ በትንሽ በትንሹ። ከብት ስታለከልክ ካየህ ወዲያው ከማሳው አውጣና የእንስሳት ሐኪም ጥራ፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል መርፌ አለ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይደርስ ያልቃል። እና ቶሎ ቢላ ደረሰላት ብለህ ሥጋውን እንዳትበላ፣ በምን እንደታመመች ሳይታወቅ አይበላም።

ፍሬው ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል፣ የማሽላው ዓይነት ደጋሊትም ሆነ ጅጉርቲ እንጀራህን በሰላም ብላ። ብቅል ሲሆን ነው የሚቀየረው፣ ፍሬው ሲበቅል ዱሪን አዲስ ይሠራል፣ የሚበዛውም ከቡቃያው ላይ ነው፣ ስለዚህ ብቅሉን አድርቆ ቡቃያውን አሽቶ ማራገፍ ጥሩ ነው። ጥንቅሹም የደረሰ አገዳ ሆኖ ተልጦ ከሆነ ልጆቹን ተዋቸው፣ ቅጠሉንና ለጋውን እንዳያኝኩ ብቻ ንገራቸው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ዩቲዩብ ላይ ጥሬ ተልባ ፈጭታችሁ ጠጡ ይላሉ፣ እናቴ ደሞ ሳይቆላ አይነካም ትላለች። ጓያስ ከዚሁ ወገን ነው?

መልስ፦ እህቴ እናትሽን ስሚ። ተልባ ውስጥም ሊኑስታቲንና ኒዮሊኑስታቲን የሚባሉ ሳያናይድ የሚሰጡ ነገሮች አሉ፣ መቁላቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል እነሱንም ይቀንሳቸዋል። ለአዋቂ ሰው በቀን አንድ ሾርባ ማንኪያ ጥሬ ዱቄት ችግር የለውም፣ በኩባያ ሙሉ መጠጣትና ለሕፃን መስጠት ነው የማይሆነው። የኮክ ፍሬ ውስጥ ያለው መራራ ነገርም እንደዚሁ ነው፣ ከነሽፋኑ ሳይሰበር ቢዋጥ ምንም አይልም፣ ተሰብሮ ውስጡ መታኘክ ግን የለበትም።

ጓያ ሌላ ነው። እግር የሚያሽመደምደው ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ እንጂ ሳያናይድ አይደለም፣ ምግቡ ለሳምንታት ጓያ ብቻ ሲሆን ነው የሚመጣው። ሰው የሚያምታታው ካሳቫም (ሥሩ የሚበላ ተክል ነው) እግር ስለሚይዝ ይመስለኛል፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ ናምፑላ ውስጥ በድርቅ ጊዜ መራራውን ካሳቫ በደንብ ሳያዘጋጁ በልተው ከአንድ ሺህ ሰው በላይ እግሩ ተይዟል፣ ኮንዞ ይሉታል፣ ያኛው ነው ከሳያናይድ ጋር የተያያዘው። አንቺ ጓያ የምትሠሪ ከሆነ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፈሽ ውኃውን ድፊው፣ ከሌላ እህልም ቀላቅይው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይለቅም።