ሲስቡት እምቢ ያለው መንጠቆ ሳይስቡት ለምን ለቀቀ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አብሽሩ፣ መንጠቆውን ለመጣል አትቸኩሉ።

ጥያቄያችሁን ለሌላው ጀመዓ ላሳጥረው። ሐይቅ ዳር ጀልባችሁን በክሬን መኪና አንስታችሁ ውሃው ላይ ታስቀምጣላችሁ። መንጠቆው በገመድ ተስቦ የሚለቅ፣ 2 ቶን የተጻፈበት ነው። ጀልባዋ አየር ላይ እያለች ገመዱን ብትስቡት አልለቀቀም። ዝቅ ስትል ግን የዳርቻውን ድንጋይ ነካ አደረገች፤ ማንም ሳይስበው መንጠቆው ተከፈተና በጎኗ ወደቀች። «ብልሽቱ የትኛው ነው?» ነው ያላችሁት።

እንደገለጻችሁት ከሆነ ሁለቱም ብልሽት አይደሉም። የዚህ ዓይነት መንጠቆ ገመዱ ሲሳብ መቆለፊያው ይነሳል፣ መንጠቆው ግን ክብደት እስካለበት ድረስ አይከፈትም፤ ክብደቱ ራሱ ጨምቆ ይይዘዋል። ክብደቱ የተነሳለት ቅጽበት ሞላው ገፍቶ ይከፍተዋል። ክብደቱን ያነሳው ውሃ ይሁን ድንጋይ መንጠቆው አይለይም። እናንተ ገመዱን ስትስቡ መቆለፊያው ተነስቶ ነበር፤ «አልሠራም» ብላችሁ መልሳችሁ ሳትቆልፉት ማውረድ ቀጠላችሁ። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ የተንጠለጠለችው በራሷ ክብደት ብቻ ነው።

ይህ አሠራር የመጣው ከባሕር ነው። መርከብ ላይ የነፍስ አድን ታንኳ ሲወርድ ማዕበል ከታች ያነሳዋል፣ ማዕበሉ ሲሸሽ ደግሞ የተንጠለጠለበት ኬብል ላይ በኃይል ይንጠለጠላል። ስለዚህ ውሃው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የማስለቀቂያውን ገመድ ይስቡና ውሃው እንደተሸከመው በራሱ እንዲለቅ ያደርጋሉ። የእኛ ሐይቅ እንዲህ ያለ ማዕበል የለውም። ስለዚህ ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ተንሳፋ፣ ከላይ ያለው ኬብል ላላ ብሎ በዓይን እስኪታይ ድረስ ያንን ገመድ ማንም አይንካው። በስህተት ከተሳበ ጀልባዋን ወደ መኪናው ወይም ወደ ደረቅ መሬት መልሳችሁ አሳርፉ፣ መንጠቆውን እንደገና ቆልፉ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሩ። አየር ላይ እንዳለ እጅ ሰዶ ለመቆለፍ መሞከር ጣት ያስቆርጣል።

ክብደት ተሸክሞም ሲሳብ ወዲያው የሚከፈት ሌላ ዓይነት መንጠቆ አለ። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ያገለገለ ስትገዙ መሬት ላይ ለዩት፦ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉና ቆም ብላችሁ ከሩቅ ሳቡት። ከጣለው ክብደት ላይ የሚከፍት ነው፤ ለእናንተ ሥራ አልመክረውም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ግማሽ ቁልፍ ነው። መንጠቆው ተዘግቶ ይታያል፣ መቆለፊያው ግን ቦታው አልገባም፤ አንድ ፍሬ ጠጠር ወይም የደረቀ ጭቃ ከስሩ ይዞታል። መርከብ ላይም ታንኳ ሲያወርዱና ሲያነሱ ሰው ከሚገድሉት ምክንያቶች አንዱ መንጠቆው በትክክል ሳይቆለፍ ማንሳት ነው። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ስትቆልፉ የመቆለፊያው ጫፍ ከመቀመጫው ጋር ገጥሞ ምንም ብርሃን እንደማያሳልፍ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ቀጥሎ መንጠቆውን በእጅ ወደ ታች በኃይል ወዝውዙት። ከዚያ ክሬኑ ጀልባዋን 10 ሴንቲሜትር ብቻ ያንሳና አንድ ደቂቃ ያቁማት፤ ሁሉም ነገር ከተመረመረ በኋላ ነው ወደ ውሃው የምትዞረው። ጀልባዋ ውስጥ ሰው አይቀመጥም፣ ከስሯም ሰው አይቆምም። አቅጣጫዋን ከፊትና ከኋላ በታሰሩ ገመዶች ከዳር ሆናችሁ ያዙ፤ እጅ ላይ አትጠምጥሙ።

የማስለቀቂያው ገመድ ራሱ አደጋ ነው። ሲያጥር ጀልባዋ ስትወዛወዝ ራሱን ይስባል፣ ሲረዝም የጀልባው ጠርዝ ወይም ሞተሩ ላይ ይጠመጠማል። ሁልጊዜ ትንሽ ላላ ይበል፣ የሚይዘውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቀለሙ ከሌሎቹ ገመዶች የተለየ ቢሆን በጥድፊያ ሰዓት አትሳሳቱም።

ስለ ክብደት። ጀልባዋ ሞተሯንና ነዳጇን ጨምሮ 1,200 ኪሎ ናት ብላችኋል። በክረምት ግን ውስጧ የተኛውን ዝናብ አስቡ፦ ወለሉ 5 ሜትር በ1.5 ሜትር ከሆነ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ብቻውን 750 ኪሎ ነው። ያኔ 2 ቶን አፋፍ ላይ ናችሁ፤ ክሬኑ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ደግሞ የሚመጣው ጉተታ ከዚያ ያልፋል። ሳትቀዱ አታንሱ። ጀልባዋን ከመንጠቆው ጋር የሚያያይዘው ቤልት አንግልም ይቆጠራል። 1,200 ኪሎዋን በሁለት እግር፣ ማለት ከመንጠቆው በሚወርዱ ሁለት ቤልቶች፣ ስታነሱ እያንዳንዱ ቤልት ከአግድም 60 ዲግሪ ከሆነ ወደ 690 ኪሎ ይሸከማል፣ 45 ዲግሪ ከሆነ 850 ገደማ፣ 30 ዲግሪ ከወረደ ሙሉውን 1,200። አራት እግር ቢኖረውም ሁለቱ ብቻ እንደሚሸከሙ አድርጋችሁ አስሉ።

ወደ ጥገናው ልምጣ። ብዙ ሰው በፍቅር የሚያበላሸው ግሪስ በማብዛት ነው። የመንገዱ አቧራ ግሪሱ ላይ ተለጥፎ ብረት የሚበላ ሊጥ ይሆናል፤ በማለዳ ብርድ ደግሞ ግሪሱ ስለሚጠነክር ሞላው መቆለፊያውን መልሶ ለማስገባት አቅም ያጣል። ግማሽ ቁልፍ የሚፈጠረውም እንዲህ ነው። ከሥራ በኋላ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ በጥርስ ብሩሽ አሸዋውን አውጡ፣ አድርቁት፣ ፒኖቹ ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት በቂ ነው። ከዚያ መቆለፊያውን 10 ጊዜ ሳብ ለቀቅ አድርጉት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዘግይቶ ከተመለሰ ከሥራ ውጭ ነው። ቀለም አትቀቡት፣ ስንጥቅ ይደብቃል።

ገና አዲስ እያለ የአፉን ስፋትና የታችኛውን ውፍረት በካሊፐር ለክታችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፤ በየሦስት ወሩ አመሳክሩ። አፉ 5 በመቶ ከሰፋ፣ ማለት 40 ሚሊሜትር የነበረው 42 ከደረሰ፣ ወይም ውፍረቱ 10 በመቶ ከተበላ፣ 20 የነበረው 18 ከሆነ፣ አበቃ። በዓይን የሚታይ ጥምዘዛ ካለበትም እንዲሁ። ስንጥቅ ለመፈለግ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ላምባ ቀብታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፣ በጨርቅ ጥርግ አድርጉት፣ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የተደበቀው ላምባ ወጥቶ ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ እርጥብ መስመር ይሠራል። የተሰነጠቀውን ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ጎበዝ በያጅ ሞልቶ ቢገኝ አታስበይዱት፤ ብየዳ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። ፒኑም በተራ ፌሮ አይተካም።

መርከቦች ከጥር 2020 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት መንጠቆአቸውን በየዓመቱ በባለሙያ ያስመረምራሉ፣ በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ፈትተው አድሰው በሙሉ ጭነቱ 1.1 እጥፍ ይሞክሩታል። ደንቡ እናንተን ባይመለከትም ሙከራውን ኮፒ ማድረግ አይከብድም። 200 ሊትር የሚይዙ ስድስት በርሜሎች ውሃ ሙሏቸው፤ ባዶው በርሜል 20 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሲደመር 1,320 ኪሎ ይመጣል፣ የጀልባችሁ 1.1 እጥፍ ማለት ነው። ጠንካራ መደብ ላይ አስራችሁ ከመሬት 10 ሴንቲሜትር አንሱ፣ 5 ደቂቃ አቆዩ፣ በቀስታ መሬት አስነኩት፣ ኬብሉ ሲላላ ገመዱን ሳቡ። ያለ ትግል ካልተከፈተ ወይም የአፉ ስፋት ከደብተሩ ከተለየ ያቺ ጀልባ በዚያ መንጠቆ አትነሳ።