የቀኝ ፊት ባምፕ ስቶፕ ሲነካ መኪናው ለምን አልታጠፍም ይላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሲሆን ሙያዬ መካኒክነት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአፈር ትራክ ላይ ሌት ሞዴል የሚባለውን የውድድር መኪና የሚያወዳድር ቡድን እረዳለሁ። ዘንድሮ በቀኝ ፊት የነበረውን በኢንች 400 ፓውንድ የሆነ (አንድ ኢንች ለመጨመቅ 400 ፓውንድ የሚፈልግ) ሞላ አውጥተን በ250 ተካነው፤ በአሞርቲዛተሩ ዘንግ ላይም ባምፕ ስቶፕ፣ ማለትም ዘንጉ ብዙ ሲገባ እየተጨመቀ የሚይዘውን ትራስ፣ ጨመርንበት። መኪናው ወደ ኩርባው ሲገባ ደኅና ነው፤ መሐል ላይ ሲደርስ ግን መሪው ቢዞርም አፍንጫው ወደ ውጭ ግድግዳ ይሄዳል። ለስለስ ያለ ባምፕ ስቶፕ ቀይረን ብንሞክርም ለውጡ እምብዛም ነው። ጥፋቱ የሞላው ነው ወይስ የባምፕ ስቶፑ?

መልስ፦ ሁለቱን ለያይተው ባይመለከቷቸው ይሻላል። መኪናው ሙሉ በሙሉ በተጫነበት ቅጽበት ጎማው የሚሸከመው የሞላውንና የባምፕ ስቶፑን ድምር ስለሆነ፣ ጥያቄው መሆን ያለበት «በዚያ ከፍታ ላይ ድምሩ ስንት ፓውንድ ነው? ወደዚያ የደረሰውስ እንዴት ነው?» የሚለው ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ያህል፣ ሌት ሞዴል ሁልጊዜ ወደ ግራ እየታጠፈ የሚሮጥ መኪና ነው። አሽከርካሪው ነዳጅ ሲሰጥ የኋላ አክሱሉን የሚይዙት ዘንጎች የግራውን የኋላ ጎን ወደ ላይ ስለሚገፉ ክብደቱ በሰያፍ በቀኙ የፊት ጎማ ላይ ይወድቃል። አፍንጫው መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነፋሱ መኪናውን ይበልጥ ወደ ታች ይጫነዋል። ለስላሳ ሞላ አፍንጫውን በፍጥነት ዝቅ የሚያደርገው፣ ባምፕ ስቶፑ ደግሞ መሬት ሳይነካ ይዞ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። መኪናው ቆሞ ሳለ በቀኙ የፊት ሞላ ላይ 800 ፓውንድ አርፏል፣ በኩርባው መሐልም የአሞርቲዛተሩ ዘንግ 3 ኢንች ይገባል እንበል። የቀድሞው ሞላ 400 በ3 ተባዝቶ 1,200 ይጨምርና ጠቅላላው 2,000 ፓውንድ ይሆናል። አዲሱ ሞላ የሚጨምረው 750 ብቻ ስለሆነ 1,550 ላይ ይቆማል። ያንኑ 2,000 ለማግኘት የጎደለውን 450 ፓውንድ የሚሰጠው ባምፕ ስቶፑ ነው፤ የሚነካው በመጨረሻው ግማሽ ኢንች ላይ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ጭነት በዚያች ጠባብ ርቀት ውስጥ ለመስጠት ይገደዳል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ትራኩ ሩብ ኢንች ተጨማሪ ጉዞ ቢጠይቅ የቀድሞው ሞላ የሚጨምረው 100 ፓውንድ ብቻ ነው። በአዲሱ አሠራር ግን ሞላው 62 ያህል ሲጨምር፣ ባምፕ ስቶፑ በዚያ ጥልቀት በኢንች 1,500 ፓውንድ ያህል ጠንክሮ ከተገኘ፣ ድምሩ ከ400 ፓውንድ በላይ በአንድ ጊዜ ይዘላል። የፊቱ ክፍል በድንገት ስለሚጠነክር በጎን የሚዛወረውን ክብደት አብዛኛውን እሱ ይሸከማል፤ የቀኙ የፊት ጎማም ከሚጨብጠው በላይ ይጫናል። በተጨማሪም የቀኙ ፊትና የግራው ኋላ ጭነት አብረው ስለሚያድጉ መኪናው ይበልጥ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። እርስዎ ያዩት ምልክት ይኸው ነው።

ለስለስ ያለው ባምፕ ስቶፕ ለምን ብዙም እንዳልረዳ ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ፖሊዩሬታን ከሚባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ የሚሠሩ ባምፕ ስቶፖች በተጨመቁ ቁጥር እየጠነከሩ የሚሄዱ ናቸው። ጭነቱ ካልተቀነሰለት ለስላሳው ይበልጥ ጠልቆ ይጨመቅና እሱም ወደሚጠነክርበት ክልል ይገባል፤ ስሙና ቀለሙ ተለወጠ እንጂ የሚጨርሰው ያው ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ በእኔ ግምት መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ሞላው ነው። በኢንች 300 ፓውንድ ቢያደርጉት በ3 ኢንች ላይ 1,700 ይሰጣል፤ ለባምፕ ስቶፑ የሚቀረው 300 ፓውንድ ብቻ ይሆናል። ሞላው ሲለወጥ የመኪናውን የቆመ ከፍታ በማስተካከያው ቀለበት መልሰው ያስተካክሉ፤ አለዚያ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠው የትኛው እንደሠራ ሳያውቁ ይቀራሉ። ችግሩ ከቀጠለ ሺም ከሚባሉት ስስ ቀለበቶች አንዱን አውጥተው ባምፕ ስቶፑ ዘግይቶ እንዲነካ ያድርጉ፤ ሆኖም መኪናው በዚያ መጠን ስለሚወርድ የሻንሲው ሆድ መሬት እንዳይመታ ይጠንቀቁ። አሞርቲዛተሩ ሲመለስ በጣም ከያዘም መኪናው በየጉድጓዱ እየወረደ ሳይነሳ ስለሚቀር፣ መካከለኛ የሆነው ባምፕ ስቶፕ እንኳ ጠንካራ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በዘንጉ ላይ የሚለኩ መሆናቸውን አይርሱ። ጎማው 1 ኢንች ሲነሳ ዘንጉ 0.6 ኢንች ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ ጎማው ላይ የሚሰማው ጥንካሬ በ0.6 ሁለት ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ የ500 ሞላ ጎማው ዘንድ 180 ይሆናል። ይህን ጥምርታ በራስዎ መኪና ላይ ይለኩት እንጂ ከሌላ ቡድን አይቅዱ።

የጉዞ ምልክት እንዲሆን በዘንጉ ላይ የሚደረገው የላስቲክ ቀለበት ደግሞ የሚነግርዎ ጥልቁን አንድ ምት ብቻ ነው። ያ ምት በአንድ ጉድጓድ ላይ የደረሰ ከሆነ መላውን ኩርባ አይወክልም። ስለዚህ ከጎማው ገጽና ከአሽከርካሪው ቃል ጋር ያስተያዩት፤ ከዚያም ሞላውንና ባምፕ ስቶፑን አንድ ላይ በመመዘኛ መሣሪያ ጨምቀው በየሩብ ኢንቹ የሚሰጠውን ፓውንድ ይመዝግቡ። ባምፕ ስቶፑ ከውድድር በኋላ ሞቆ ሳለም ይመዘን፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ደጋግሞ የተጨመቀውም ቁመቱ ስለሚያጥር የሚነካበት ቦታ ይለወጣል።

በኦሃዮ ያለውን ኤልዶራን ለምሳሌ ልውሰድ። ከ1971 ጀምሮ ወርልድ 100 የሚባለው የሌት ሞዴል ውድድር የሚካሄድበት ይህ የግማሽ ማይል ትራክ በኩርባዎቹ 24 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ ወደ ጎን የሚጎትተው ኃይል የመኪናውን ክብደት ቢያክል፣ ወደ ትራኩ የሚጫነው ኃይል የክብደቱ 1.3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። እዚያ የሠራ ሺም ለጥ ባለ የሩብ ማይል ትራክ ላይ ባምፕ ስቶፑን ጨርሶ ላያስነካው ይችላል። በአንድ ምሽትም ቢሆን አፈሩ እርጥብ ሳለ ጎማው በደንብ ስለሚጨብጥ ጉዞው ይረዝማል፤ ደርቆ ሲያንሸራትት ያጥራል።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። በፖሊዩሬታኑ ፋንታ አጭር የብረት ሞላ በዘንጉ ላይ መግጠም ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ የትራክዎ ደንብ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በተለይ ትራኩ ጎርበጥባጣ ሲሆን፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። የብረቱ ጥንካሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ የአንድ ምሽት ሙቀትም አይለውጠውም። ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚጨምር ቀደም ብሎ መንካት አለበት፤ 450 ፓውንድ ከፈለጉና የመረጡት በኢንች 600 ከሆነ፣ ሥራውን ለመጨረስ ሦስት አራተኛ ኢንች ይፈልጋል። ከመግጠምዎ በፊት ጥምጥሞቹ እርስ በርስ እስኪገጣጠሙ ድረስ ምን ያህል እንደሚጨመቅ ይለኩ፤ ከሚያስፈልግዎ ጉዞ በላይ ቢያንስ ሩብ ኢንች ካልተረፈው ጠንከር ያለውን ይምረጡ።