ጀርባ ውስጥ ስለሚቀበረው ማሽን፦ መኪናውን ከመሸጣችሁ በፊት

እህቴ፣ እናትሽን በስኳር ምክንያት እግራቸው እየነደደ እንቅልፍ ከነሳቸው 4 ዓመት እንደሆነ ጽፈሻል። ህንድ ወስደን ጀርባቸው ውስጥ የነርቭ ህመም የሚያስታግሰውን ማሽን (ስፓይናል ኮርድ ስቲሙሌተር የሚባለውን) እናስገባላቸው ወይ፣ መኪናውንስ እንሽጠው ወይ ነው ጥያቄሽ። ማሽኑን ተሸክሜ የምኖር ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

የኔ መነሻ ስኳር አይደለም። የዲስክ ኦፕራሲዮን ተሠራልኝ። ወገቤ ተሻለው፣ ግራ እግሬ ግን እሳት ሆኖ ቀረ። ኪኒኑም፣ ወጌሻውም፣ ጠበሉም ታየ። በመጨረሻ ቤተሰብ ተረባርቦ ህንድ ላከኝ።

ማሽኑ በሽታውን አያድንም። ይሄን ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ህብለ ሰረሰር አጠገብ ቀጭን ሽቦ ይገባል። ባትሪው ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ቆዳ ሥር ይቀበራል። ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ ህመሙ ወደ አንጎል ሲሄድ መንገድ ላይ ያደናቅፈዋል። የተጎዳው ነርቭ እዚያው ነው።

ደግነቱ ሙከራ አለው። ሽቦውን በመርፌ አስገብተው፣ ባትሪውን ውጪ ታጥቀሽ ጥቂት ቀን ትቆያለሽ። ህመሙ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ስበው ያወጡታል፣ አለቀ። እኔ 6 ቀን ሞከርኩ። በ2ኛው ሌሊት ሳልነቃ ነጋ። ሚስቴ የሆነ ነገር ሆነ ብላ ደንግጣ ነው የቀሰቀሰችኝ።

አሁን እኔን ማንም ያልነገረኝ ነገር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ነው። ሽቦው ቦታውን እስኪይዝ ለ2 ወር ገደማ አትጎንበስ፣ አትጠማዘዝ፣ ከባድ አታንሳ ተብዬ ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ምክር ስንት ቀን ይከበራል? በ5ኛው ሳምንት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይዤ ደረጃ ወጣሁ። ማታ ከማሽኑ የሚሰማኝ ንዝረት ከእግሬ ሸሽቶ ጎድኔ ላይ ገባ። ሽቦው ተንሸራቷል። አንዳንዴ ሳይከፈት ከውጪ በኮምፒውተር ብቻ ይስተካከላል፤ የኔም ተስተካክሏል። ግን እዚህ የሚነካልኝ ሰው በወቅቱ ስላላገኘሁ፣ ለደቂቃዎች ሥራ ድጋሚ የህንድ ትኬት ቆረጥኩ። ስለዚህ ከዋጋው በፊት "ስንመለስ ማን ያስተካክልልናል?" ብለሽ ጠይቂ።

ሌላው ይለመዳል። የኔ ባትሪ ቻርጅ የሚደረግ ነው፣ ቻርጀሩን ቆዳዬ ላይ አስደግፌ። መብራት ሲመጣ ከስልኬ በፊት እሱን ነው የምሰካው። ባንክ በር ላይ መፈተሻው ሲጮህ የማሽኑን መታወቂያ ካርድ አሳያለሁ፤ ጥበቃዎቹ ለምደውኛል። እናትሽ ሰጋጅ ከሆኑ ደግሞ፣ መጎንበስ ስለሚከለከል፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ ስግደቱ ንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ።

በስኳር ለሚመጣ ማቃጠል አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 የፈቀደችው ዓይነት አለ። በሰከንድ 10,000 ጊዜ ይመታል፣ ንዝረቱም አይሰማም። የነገሯችሁ ሰዎች ተረት አላወሩም። ግን የ3 ወር ስኳራቸው (የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከፍ ያለ ከሆነ የኦፕራሲዮኑ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል። ያኔ ያ ሁሉ ብር የወጣበት ማሽን ተመልሶ ሊወጣ ነው።

ኪኒኑ አልሠራም ብለሻል። የትኛው? በስንት ሚሊግራም? ስንት ሳምንት? እኔም ጋባፔንቲን የሚባለውን የነርቭ ህመም ኪኒን በትንሹ ጀምሬ አቋርጬ "አይሠራም" እያልኩ ሳወራ ኖሬያለሁ። ፕሪጋባሊን፣ ዱሎክሰቲን፣ አሚትሪፕቲሊን በየተራ፣ በሐኪም ክትትል ቀስ እያሉ ከፍ ተደርገው ካልታዩ፣ መኪናው ትንሽ ይቆይ። የ3 ወር ስኳር ውጤታቸውንና የኪኒኖቹን ባዶ ፓኬት ይዘሽ መጀመሪያ እዚሁ የነርቭ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው።