ቢጫ አበባ ያለው ዛፍሽ፦ አበባውን ተይውና ቅጠሉን እዪ

እህቴ፣ «ግቢዬ ውስጥ ያለው ደወል የሚመስል ቢጫ አበባ ያለው ዛፍ ምንድነው?» ብለሽ የአበባውን ፎቶ ብቻ ለጥፈሻል። ከአበባ ብቻ ቁርጡን የሚነግርሽ የለም። «ቴኮማ (ቢጫ አበባ ያለው የጌጥ ዛፍ) ነው» ያሉሽም ገምተው ነው። ይሄ ነገር እኔን አንጨርጭሮኛልና ስሚኝ።

1. ቅጠሉን እዪ። ቴኮማ (ሙሉ ስሙ ቴኮማ ስታንስ) ከሆነ በአንድ ዘንግ ላይ ትንንሽ ቅጠሎች ግራና ቀኝ ተደርድረውበታል፣ ዳራቸውም እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅና ዳሩ ልሙጥ ከሆነ ግን ቴቬቲያ የሚባለውን ሌላ ባለ ቢጫ አበባ ዛፍ ጠርጥሪ።

2. ጓንት አድርጊና አንድ ቅጠል ቀንጥሢ። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣው ቴኮማ አይደለም። ቴቬቲያ ደግሞ ሁለንተናው መርዝ ነው፤ በተለይ የፍሬው ዘር የልብ ምት ያዛባል፣ ሰው ይገድላል። ለኔ የሸጠልኝ ሰውዬ «ቴኮማ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት ችግር የለውም» ብሎ ምሎ ነው የሰጠኝ። አድጎ ሲያብብ መንገደኛው ሁሉ ያደንቀው ነበር፣ እኔን ግን ቅጠሉ አልዋጥልኝ አለ። ስቆርጠው ነጭ ወተት ጠብ ጠብ። ቆይቶ አረንጓዴ፣ ሦስት ማዕዘን ቢጤ ወፍራም ፍሬ ሲያወጣ በቃ፣ ጥርጣሬዬ አለቀ። ሄጄ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሁለቱም ቢጫ አይደሉም እንዴ?» ልጄ እኮ ፍሬውን ለእቃቃ መልቀም ጀምራ ነበር! ገንዘቤንም አልመለሰም። ዛፉን ከነሥሩ ራሴ ነቀልኩት። አሁን ችግኝ የሚገዛ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ ፎቶ የሚልከው ለኔ ነው፣ ልኩራበት።

3. ፍሬ ካለው ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። የቴኮማ ፍሬ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ስስ ክንፍ ያላቸው ዘሮች ይበትናል። አበባው እንደ ወይን ዘለላ ወደታች የሚንጠለጠል ቢሆን ኖሮ ካሲያ ፊስቱላ ወይም ላበርነም የሚባሉት ዛፎች ናቸው ልልሽ እችል ነበር (የላበርነምም ዘር መርዝ ነው)፣ ያንቺ ግን እንደዛ አይደለም።

የስልክ አፕ እንዳትያኝ፣ አበባ ብቻ ካሳየሽው እሱም ይገምታል። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዘበትንና ፍሬውን አንስተሽ ለጥፊ። እስከዚያ ልጆችን ከሥሩ አርቂ፣ የወደቀውን ፍሬ ልቀሚ። የቀመሰ ሰው ካለ ደግሞ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቂ፣ ፍሬውን ይዘሽ ቀጥታ ሐኪም ቤት።